በእርጥበት አብጧል ስለተባለው ሦስተኛ ጥራዝ

ቁጥር፦ የለውም (ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ቤት ነው፤ መዝገብ ቤቱ ደግሞ ከዚህ በታች ስሙ ይነሣል)
ቀን፦ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አምባቸው
የ«ብሩህ ገጽ» የሕዝብ ንባብ ማዕከል ኃላፊ
ገሱባ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ ከእጅዎ ስትገባ ወገብዎ ከወንበር፣ ዓይንዎ ከአቧራ፣ ማኅተምዎም ከቀለም እጦት ተጠብቆ እንድታገኝዎት፣ ቤተሰብዎም በያለበት ደህና እንዲውል ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ፀጋአብ ዳና እባላለሁ፤ ከቢሮዎ ፊት ለፊት፣ ቆርቆሮው ዝገት የበላው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የምቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰውን አቤቱታ በሰው ስም ስጽፍ ኖሬ በራሴ ስም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ያደርገኛልና፣ የተዘለለ ፊደል ቢያገኙ በደስታዬ አሳብበው እንዲያልፉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አቤቱታ አይደለም፣ አይደንግጡ። ምስጋና ነው። ምስጋናውን በተራ ቁጥር ያደረግሁት የቢሮዎን ልማድ ለማክበር ብዬ ነው።

ወደ ምስጋናው ከመግባቴ በፊት ግን፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ አመጣጡን ባጭሩ ላስረዳ። በጥር ወር ከሶዶ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ መንገዳችን ባደረሰባቸው መንገጫገጭ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ አንድ አይሱዙ ሙሉ መጽሐፍ አምጥተው በማዕከሉ በረንዳ ላይ አራገፉ። ወይ ጉድ! የአማርኛው፣ የወላይትኛው፣ ለሕፃን በሥዕል የተሠራው፣ ስለ እንሰት በሽታ የሚያወራው፣ ሴቶች ስለ ሴቶች የጻፉት፣ ለዓይነ ስውራን በብሬል የታተመው፣ ሁሉም ተደባልቆ እንደ ገበያ ቀን ጎደሬ፣ በእኛ አጠራር ቦይና፣ ተከምሮ ዋለ። ያን ሰሞን የንብረት ክፍሉ አቶ ብሩ የንብረት መቀበያው ሞዴል 19 ጥራዝ አልቆበት ሊያመጣ ሄዶ ነበርና፣ መጻሕፍቱ ለሦስት ቀናት ያለ ባለቤት በረንዳ ላይ ሰነበቱ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ሕዝቡ እየመጣ ወሰደ፣ አነበበ፣ መለሰ፣ ሌላ ወሰደ። አንዲት እናት ሦስት መጽሐፍ ወስዳ አራት መልሳለች፤ አራተኛው የራሷ ነው፣ ሌላም ሰው ያንብበው ብላ። ክቡርነትዎ ያን ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ማዕከልዎ ሥራ የሠራበትን ብቸኛ ሳምንት ሳያዩት አለፈ፤ እንደው ይቆጨኛል።

አንደኛ፣ ስለ ጥበቃዎ አመሰግናለሁ።

አቶ ብሩ ሞዴሉን ይዞ በተመለሰ ዕለት መጻሕፍቱ ቋሚ ንብረት ሆኑ። ከጠረጴዛና ከወንበር ጋር በአንድ መዝገብ ሰፈሩ፤ የንብረት ቁጥራቸውም በነጭ የዘይት ቀለም፣ ከሩቅ እንዲታይ ተብሎ፣ ልክ በርእሳቸው ላይ ተጻፈ። ዛሬ በማዕከላችን ርእሱ የሚነበብ መጽሐፍ የለም፣ ቁጥሩ የማይነበብ መጽሐፍም የለም። ከዚያም በመስታወት ቁም ሣጥን ገብተው ተቆለፉ፤ «በእጅ መንካት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያም ተለጠፈባቸው። ማስታወቂያውን ያተምኩት እኔ ነኝ፣ በትልቁ ፊደል። ሕዝቡ በሥራ ሰዓት እየመጣ የመጻሕፍቱን ጀርባ በነፃ መመልከት እንዲችል ስለፈቀዱለት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ አንዳንዱ ገበሬ ከነበሬው መጥቶ አይቶ ተገርሞ ሄዷል።

መጽሐፍ ወደ ቤቱ ሊወስድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በወጪ ሞዴል 22 መፈረም እንዳለበት፣ በሞዴል 22 የሚፈርመውም የመንግሥት ቋሚ ሠራተኛ ብቻ እንደሆነ፣ ቋሚ ሠራተኛውም ከመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣት እንዳለበት ተገልጾልናል። ይህን ሥርዓት ያስረዳኋቸው አንድ አዛውንት ደንበኛዬ፣ አባትና አያታቸው እዚሁ ገሱባ ዳር የተቀበሩ ገበሬ፣ ከእኔ የበለጠ ቋሚ ማን ነው ብለው በጣም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ቢሮዎ መስኮት አጠገብ መሆናችን ትዝ ሲለኝ ሳቄን ዋጥኩ።

ሁለተኛ፣ ከተማችንን የእንግሊዝኛ መናኸሪያ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ።

ይህንን ያወቅነው በሲስተር ናዲያ ነው። ሲስተር ናዲያ ጤና ጣቢያችን ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ እናቶች ሲያምጡ የሚሉትን ልሰማቸው ይገባል ብላ ወላይትኛ ለመማር ቆርጣ የተነሣች፣ ሰው ባየች ቁጥር «ሳሮ»፣ ሰላም፣ እያለች የምታስቀን ልጅ ናት። ቋሚ ሠራተኛ ስለሆነች፣ የድጋፍ ደብዳቤም ስላላት፣ ደረቷን ነፍታ ወደ ማዕከሉ ሄደች። የወላይትኛ መጽሐፍ ስትጠይቅ የለም ተባለች። እንግዲያው አንድ እንግሊዝኛ ስጡኝ ብላ ከእንግሊዝኛው ቁም ሣጥን ተሰጣት።

ወደ ቤቷ ይዛው ገብታ ከፈተችው። ሰባት ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረች ሴት፣ ክቡር ሆይ፣ አንድ ቃል አልገባት አለ! ገጽ ገለጠች፣ አልገባትም። ከመሃል ጀመረች፣ ጭራሽ። ባሰባት ጊዜ ፊቷ ቅጠል መስሎ ወደ እኔ ቤት መጣችና፣ ፀጋአብ፣ እንግሊዝኛዬ ጠፋ፣ ምን ሆኜ ነው አለችኝ። እኔ ተቀብዬ ባየው ወላይትኛ! በላቲን ፊደል ስለተጻፈ ብቻ እንግሊዝኛ ተብሎ የተመዘገበ፣ ስለ አንዲት ጦጣና ስለ አንድ ሰነፍ ጎረምሳ የሚያወራ፣ ሁላችንም በልጅነታችን የሰማነው የወላይታ ተረት ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራቱም የወላይትኛ መጻሕፍት እንዲሁ በእንግሊዝኛ ቁም ሣጥን ተኮልኩለው ይኖራሉ። በበጀት ዓመቱ አጋማሽ ሪፖርትዎም፣ እሱንም ያተምኩት እኔ ነኝ፣ «የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ክምችት ከፍተኛ ሲሆን የአንባቢ ቁጥር ግን ዜሮ በመሆኑ፣ የኅብረተሰቡን የእንግሊዝኛ ክህሎት ለማሳደግ ሥልጠና ያስፈልጋል» የሚል ይገኛል። ሕዝቡ የእናቱን ቋንቋ እንዲያነብ እንግሊዝኛ ሊያሠለጥኑት መነሣትዎን ሳስብ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ፣ ይቅርታዎን።

በዚህ እንኳ አልወቅስዎትም። ከሩቅ ተመድበው የመጡ ሰው ነዎት፤ ወላይትኛ የሚያነብ ሰው ደግሞ ከበርዎ ላይ ካለው ጥበቃ ጀምሮ እስከ ጽዳቷ ድረስ ቢሮዎ ሞልቶት ነበርና፣ አንዱን ለመጠየቅ ጊዜ እንዳጡ ይገባኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሕክምናዎ አመሰግናለሁ።

የቢሮዎ ማተሚያ መሣሪያ ከተበላሸ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስለዚህ የማዕከሉ ቃለ ጉባኤ ሁሉ «ጥብቅ ምስጢር» ተብሎ በፍላሽ ወደ እኔ ይመጣል። የንብረት አጣሪ ኮሚቴው በሚያዝያ ወር የላከው ቃለ ጉባኤ የሚከተለውን ይላል፤ ቃል በቃል ልጥቀሰው፣ ከእኔ ይልቅ ያምራልና፦

«ዘጠኝ ትልልቅ ጥራዞች በውስጣቸው አንዳች ጽሑፍ ያልተገኘባቸው ሲሆን፣ ገጾቻቸው በሙሉ በጥቃቅን እብጠት ተመተዋል። መንስኤው እርጥበት እንደሆነ ይገመታል። ፀሐይ ላይ ተሰጥተው፣ ከዚያም ለሁለት ሳምንት በሲሚንቶ ጆንያ ተጭነው ቢቆዩም እብጠቱ ሊወርድ አልቻለም። ወደ ጤነኞቹ መጻሕፍት እንዳይዛመት ለብቻቸው እንዲቀመጡ ተደርጓል። ወረቀታቸው ወፍራምና ጠንካራ በመሆኑ ተቆራርጠው ለመዝገብ ቤት የፋይል መለያ ካርድ እንዲውሉ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

ብሬል፣ ክቡር ሆይ! ሰው በጣቱ የሚያነበው ጽሑፍ! የሲሚንቶ ጆንያ ጫኑበት! ሳስበው እስቃለሁ፣ ስስቅ ደግሞ አንጀቴ ይቃጠላል፣ ሁለቱ በአንድ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ እርስዎ ካወቁ ይንገሩኝ።

በዚህ ጉዳይ ራሴንም አላመልጥም። ያን ቃለ ጉባኤ የተየብኩት በገዛ ጣቴ ነው። «እብጠት» የምትለዋን ቃል እየጻፍኩ ስለ ሌላ ነገር ሳስብ ነበር፤ የሙያዬ ምስጢር የምጽፈውን አለማንበብ ነው፣ ባነበው ኖሮ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ጨጓራዬ ያልቅ ነበር። ነገር ግን የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው፤ እነዚያን እብጠቶች በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በገዛ በረንዳዬ ላይ ሲነበቡ እየሰማሁ ነው የተየብኩት።

የምታነበው አሰፋሽ ናት። ከበላያችን ባለው ሰፈር፣ ከወንድሟ ቤት ጓሮ ትኖራለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗ አያይም። ልጅ ሳለች በዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ብሬል ተምራ፣ አባቷ ሲሞት ወደ ቤት ተመልሳ፣ ከዚያ ወዲያ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጣቷ መጽሐፍ ሳይነካ ኖረች። በዚያ በረንዳ ሳምንት ሲስተር ናዲያ እጇን ይዛ አመጣቻት። አሰፋሽ አንዱን ትልቅ ጥራዝ ከፍታ ጣቷን እንዳሳረፈች መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ አልቆም አላት፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች፣ እኛም ምን እንደሆነ ሳናውቅ አብረን ሳቅን። ከአንድ ልብ ወለድ አራት ጥራዞች ሁለቱን፣ አንደኛውንና ሁለተኛውን፣ ተሸክማ ሄደች፤ ለሁለቱ ብቻ አቅም ነበራት፣ የብሬል መጽሐፍ እንደሚያውቁት፣ ይቅርታ፣ እንደማያውቁት፣ ከባድ ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን በነጋታው ልትወስድ ስትመጣ አቶ ብሩ ሞዴሉን ይዞ ደርሷል።

በኮሚቴው ሰነድ «የት እንደገቡ ያልታወቁ ሁለት ጥራዞች» የተባሉት እነዚያ ናቸው። አልጠፉም፤ አንባቢ ጋ ናቸው። ፖሊስ የሚልኩ ከሆነ ቅዳሜ ይሁን፣ እሱም ተቀምጦ ይሰማል።

ከጥር ጀምሮ አሰፋሽ በአማርኛ እያነበበች፣ ላልገባቸው እናቶች ወዲያው በወላይትኛ እየመለሰች፣ በረንዳዬን የማይደፈር ሸንጎ አድርጋዋለች። ዝናብ ቢመጣ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ጭጋግ ቢወርድ እሷን አይመለከታትም፤ ዓይን ያለነው ሁላችን ጨለማ ሲውጠን እሷ ገጹን ትገልጣለች። ያቺ ሰው እጇን ይዞ የሚመራት የነበረች፣ ሠርግ ላይ ጥግ የሚያስቀምጧት ሴት፣ ዛሬ ሰው ቀድሟት መጥቶ ቦታ ይይዝላታል። ባለፈው ወር ፀጋአብ፣ እኔም እኮ ሰው ነበርኩ አለችኝ። ይህን በምን ማመልከቻ እንደምጽፈው አላውቅም፣ ጽፌም አላውቅም።

ታሪኩ የአንዲት በቅሎ ነጋዴ ነው። ባሏ ሞቶ የባሏ ወንድም መሬቷን ቀምቷት፣ በቅሎዎቿን ሸጣ ፍርድ ቤት የምትመላለስ ሴት። ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። የከተማችን ነጋዴ አቶ ጸሐዬ ለባሏ ወንድም ወግነው በየሳምንቱ ይሟገቱ ነበር፤ ምክንያቱን ሁላችን እናውቃለን፣ እሳቸውም የሟች ወንድማቸውን ሚስት ጓሮ ወደ ራሳቸው ለማጠር እንጨት አስጭነው ነበርና። በመጋቢት ወር ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። በሚያዝያ አጥሩን ግማሽ ላይ አቆሙት። ለምን ቢባሉ፣ እስቲ ውሳኔው ይሰማ ብለው መለሱ። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ ሁሉም ገብቶት ማንም አልጠየቃቸውም። የወንድማቸው መበለት ደግሞ ከበስተኋላ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ እያንዳንዷን ቃል ትሰማለች።

ሁለተኛው ጥራዝ የሚያልቀው ዳኛው ፍርድ ሊሰጡ ሲነሡ ነው። ፍርዱ ያለው በሦስተኛው ጥራዝ ነው። ሦስተኛው ጥራዝ ያለው በእርስዎ መጋዘን ነው።

የኮሚቴውን ውሳኔ በትክክል ያወቅሁት ከአሥር ቀን በፊት ነው። አንድ ደንበኛ ከመዝገብ ቤት ያወጣውን ፋይል ኮፒ ላደርግለት ስገልጥ መለያ ካርዱ ጣቴን ሻከረው። ካርዱን ነጥቄ ሱቄን ክፍት ትቼ ወደ አሰፋሽ ሮጥኩ፤ እሷም ጣቷን አሳርፋ እንዲህ አነበበችልኝ፦ «ዳኛውም መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ይህች ሴት...» ከዚያ በኋላ መቀስ ነው። ሙከራ ተብሎ ጥቂት ገጽ ተቆርጦ ነበር ለካ!

ወሬው በአንድ ጀንበር ከተማውን አዳረሰው። በማግስቱ ሃያ ሁለት ሰው ፋይል ማውጣት ፈለገ። አንዱ ያልጠፋ መታወቂያ ጠፋብኝ አለ፣ አንዷ ከአሥር ዓመት በፊት የተዘጋ ጉዳይ ይከፈትልኝ አለች፣ አንድ ሽማግሌ ምንም ጉዳይ የለኝም፣ ግን ፋይል ይኖረኛል፣ እስቲ ይታይልኝ አሉ። ማመልከቻዎቹን ሁሉ በነፃ ጻፍኩላቸው። መዝገብ ቤታችሁ በታሪኩ እንዲህ ተጨናንቆ እንደማያውቅ ሰምቻለሁ። ፍለጋው ሦስት ካርድ አስገኝቷል፤ ሁለቱ ስለ በቅሎ ጫማ ነው፣ ሦስተኛው የገጽ ቁጥር ብቻ ነው። አቶ ጸሐዬ የገጽ ቁጥሩን ሲያነቡላቸው በንዴት ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ወረወሩ።

ሲስተር ናዲያ ጥራዙን በሞዴል 22 ፈርሜ ልውሰድ ብላ ብታመለክት፣ የተበላሸ ንብረት በውሰት አይሰጥም የሚል መልስ ተጽፎላታል። ጤነኛው መጽሐፍ ንብረት ስለሆነ አይወጣም፣ የታመመው ስለታመመ አይወጣም። እኔ በዚህ ሙያ ብዙ መልስ አንብቤያለሁ፤ ይህኛውን ግን በፍሬም አድርጌ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

የቀረው ጥራዝ በሙሉ የሚቆረጠው በዚህ ሳምንት፣ ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሆነ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ተለጥፏል። እሱንም ያተምኩት እኔ ነኝ። ይህኛውን ግን አነበብኩት።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ሐሙስ መቀሱ ይቅር። ሦስተኛውና አራተኛው ጥራዝ፣ ከተቆረጡት ካርዶች ጋር፣ ለአሰፋሽ ይሰጣት። ወላይትኛው ወላይትኛ ተብሎ ይጠራ፣ ቁም ሣጥኑም ይከፈት። በሞዴል 22 የሚፈርም ከጠፋ እኔ እፈርማለሁ፤ ቋሚ ሠራተኛ አይደለሁም፣ ግን የቢሮዎን ደብዳቤ ሁሉ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ፊርማዬን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ይህ የማይሆን ከሆነ ደግሞ ሐሙስ ጧት በረንዳዬ ላይ የሚሰበሰበው ሰው ሁሉ መንገዱን ተሻግሮ ከመጋዘኑ በር ላይ ቁጭ እንደሚል፣ አሰፋሽም ሁለተኛውን ጥራዝ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደምታነብ፣ ለሥራዎ እንቅፋት እንዳይሆን ብዬ አስቀድሜ በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ከእግርዎ ሥር ያለ አቧራ ለመሆን የማይበቃ፣ ቃለ ጉባኤዎን ሲተይብ የኖረ፣ ዘንድሮ ግን ማንበብ የጀመረ፣ ጤናዎን፣ ሹመትዎንና ከሁሉም በላይ ቁልፍዎን እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ ቀንና ሌሊት የሚማልድ፣

ታዛዥ አገልጋይዎ
ፀጋአብ ዳና
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ገሱባ

ግልባጭ፦
ለአቶ ብሩ፣ ንብረት ክፍል (ፀሐይ ላይ እንዳይሰጡት ከአደራ ጋር)
ለመዝገብ ቤት (መለያ ካርድ ሳይገባበት)
ለአቶ ጸሐዬ፣ ካልተጨረሰው አጥር አጠገብ
ለበረንዳው ሕዝብ በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ የሁለተኛው ጥራዝ መጨረሻ ዳግመኛ ተነብቦ ሁሉም ሲነሣ፣ ከኋላ ከምሰሶው አጠገብ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ጎትተው የቆሙ አንድ ሰው፣ ቀስ ብለው «ታዲያ ዳኛው ምን ፈረዱ?» ብለው ጠይቀው ነበር። እኔ እንዳላየ ሰው ሆኜ ወንበር መሰብሰብ ጀመርኩ። አሰፋሽ ግን ሰውን በድምፁ ነው የምታውቀው፤ ወደ እርስዎ ዞራ ምን እንዳለች፣ ጫጫታው ውጦት ካልሰሙት ልድገምልዎት፦ «ጋሼ አምባቸው፣ ቀሪው እርስዎ ዘንድ ነው። አንብበው ይንገሩን።»